የማላውቀው ሰው እናት

ከዲላ ከመውጣቴ በፊት በነበረችው ምሽት ቤታችን ውስጥ የነበረው ለቅሶ አይደለም፣ ክርክር ነው። የአባቴ እህት እትዬ ዘነቡ፣ እማዬ ለሥራ ቤይሩት ከሄደችበት ጊዜ ጀምሮ ያሳደገችኝ፣ ሻንጣዬ ላይ በሙሉ ክብደቷ ተቀምጣ ከዚፑ ጋር ትታገላለች። ጋሽ ጂግሶ፣ የአባባ የድሮ ደንበኛ፣ ከኢዲዶ ድረስ ጭቃውን በሞተር እየሰነጠቀ ሊሰናበተኝ መጥቶ፣ ጀርመን ውስጥ ፀሐይ አለ የለም በሚል ከጎረቤታችን ከመምህር አስፋው ጋር ተያይዟል። መምህር አስፋው ጂኦግራፊ ያስተምራሉ፣ ጋሽ ጂግሶ ቡና ያለማል፤ ጀርመንን ግን ሁለቱም አላዩም። አለማየታቸው ከመከራከር አላገዳቸውም።

«አንተ ቤዛ፣ ስማኝ» ይለኛል ጋሽ ጂግሶ። ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚለው፤ ከሌላ ሰው አፍ ቢወጣ የምቆጣው ነገር ከሱ አፍ ሲወጣ ደስ ይለኛል። «እዛ ፀሐይ የለም። ፀሐይ ከሌለ ቡና አይደርቅም። ቡና የማይደርቅበት አገር ልብስህ በምን ሊደርቅ ነው?»

መምህር አስፋው መነጽራቸውን አውልቀው ምድር ወገብ ምን እንደሆነ ያውቅ እንደሆነ ጠየቁት። እሱ የቡናውን አገር ኮንጋን እንደሚያውቅና እሱም እንደሚበቃው ነገራቸው። እንዲህ እንዲህ እያሉ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲጯጯሁ ቆዩ፤ እኔ መሆኔ ቀርቶ ጀርመን ራሷ ልትሰደድ የተዘጋጀች ይመስል ነበር። መጨረሻ ላይ እትዬ ቆጮና ጎመን አቅርባ ሁለቱንም ከአንድ ሳህን አበላቻቸው። መምህር አስፋው ጎመኑን ወደ ጋሽ ጂግሶ ገፋ አደረጉለት። ክርክሩ በዚያው አለቀ። ያኔ ይሄ ምንም ነገር አልመሰለኝም። ሰው ሁሉ እንደዚያ የሚጣላ ይመስለኝ ነበር።

አባባ ግን ዋናው መንገድ ላይ የሞተር መለዋወጫ የሚሸጥ ሰው ስለሆነ ስሜቱን የሚናገረው በዕቃ ነው። ሊነጋጋ ሲል ሚኒባሱ ሲመጣ አራቱንም ጎማ ዞሮ ፈተሸ፣ የኋላውን ግራ ጎማ ሁለቴ ረገጠው፣ ከዚያ ግንባሬን ሳመኝና ወደ ሱቁ ሄደ።

አዲስ አበባን ያየሁት በመስኮት ብቻ ነው። ፍራንክፈርትንም እንደዚያው። እማዬ ካስል በምትባለው ከተማ ባቡር ጣቢያ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ከአባባ ጋር ከተለያዩ ቆይተዋል። ከቤይሩት ወደ ጀርመን የተሻገረችበትን መንገድ እስከ ዛሬም አትነግረኝም። ስድስት ዓመት በስክሪን ብቻ ነው ያየኋት። ስክሪኑ ላይ ፊቷ ትልቅ ነበር። ጣቢያው ውስጥ ሳያት ትከሻዬ ጋ የምትደርስ ትንሽ ሴት ሆነች፤ እጇ የፅዳት መድኃኒት ይሸታል። ተቃቅፈን ስናለቅስ ሰው ሁሉ ወደ ጎን እያለፈን ሄደ። አንድም ሰው ቆሞ «ምን ሆናችሁ?» አላለም። ዲላ መናኸሪያ ቢሆን ባጃጅ ነጂው ሳይቀር አብሮን ያለቅስ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ለመመዝገብ ቢሮ ሄድን። ለዚያም «ተርሚን» የሚባል ቀጠሮ ያስፈልጋል። ጀርመን ውስጥ ያለ ተርሚን የሚመጣው ዝናብ ብቻ ነው። ወረቀቴን የያዘው ሰውዬ ጨዋ ነው፣ እንኳን ደህና መጣሽ አለኝ። ከዚያ ወረቀቱን አየና ፊቱ ተለወጠ።

«የቤተሰብ ስምሽ ተፈራ ነው ይላል። የእናትሽ ደግሞ ወልዴ ነው።»

እማዬ እየተረጎመችልኝ «ተፈራ አባቴ ነው» አልኩት።

«የአባትሽ የቤተሰብ ስምስ?»

«ገብሬ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ሦስት ሰዎች፣ ሦስት የቤተሰብ ስም። ታዲያ ቤተሰብ መሆናችሁን በምን ልወቅ?»

እማዬ በለቃቀመችው ጀርመንኛ «ፊታችንን እየው» አለችው።

አየን። እውነቱን ልናገር፣ ደህና አድርጎ ነው ያየን፣ መጀመሪያ እሷን ከዚያ እኔን። ከዚያ «አልተረጋገጠም» ብሎ ጻፈ። የእናቴ ልጅ መሆኔ እስኪረጋገጥ አምስት ወር ፈጀ። በዚያ አምስት ወር ውስጥ በየማታው «ያልተረጋገጥሽው፣ ራትሽን ብዪ» እያለች ትጠራኝ ነበር።

ቤታችን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከሥራችን ባለው ፎቅ ፍራው ሊንደማን የሚባሉ አሮጊት ይኖራሉ። እስከ ዛሬ ሦስት ጊዜ ነው ድምፃቸውን የሰማሁት፤ ግን በየሳምንቱ ይጽፉልናል። ወረቀቱን ደረጃው ግድግዳ ላይ ይለጥፉታል። «የተከበራችሁ ነዋሪዎች፣ ሽንኩርት ስትጠብሱ መስኮት ክፈቱ።» «የተከበራችሁ ነዋሪዎች፣ እሁድ ቀን የጸጥታ ቀን ነው።» በዚህ ቤት ሽንኩርት የሚጠብሰው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ ግን «ወይዘሮ አስቴር» ብሎ እማዬን ጠርቶ በር የሚያንኳኳ የለም። እማዬ ታች ወርዳ ይቅርታ ልትጠይቅ አንዴ በራቸውን አንኳኳች። በበሩ ቀዳዳ አዩዋት፣ አልከፈቱም። በማግስቱ ወረቀት ተለጠፈ፦ «ያለ ቀጠሮ በር አታንኳኩ።»

ዝናቡ እንኳ እንደ ሰዎቹ ነው። የዲላ ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮውን ደብድቦ፣ ሰውን አሯሩጦ፣ ጮሆ ጨርሶ ይሄዳል። የካስል ዝናብ ማንንም ላለመረበሽ ቀስ ብሎ ቀኑን ሙሉ ይዘንባል። አቮካዶውን ደግሞ አታንሱብኝ። እኛ ሰፈር ከዛፍ ወድቆ ልጆች እንደ ኳስ የሚለጉት፣ እዚህ አንድ በአንድ ወረቀት ተለጥፎበት እንደ ዕቃ ይሸጣል፤ ልቡም ድንጋይ ነው።

ትምህርት ቤት ለአዲስ መጪዎች የተከፈተ ክፍል ውስጥ አስገቡኝ። እዚያ ውስጥ ነው ሕፃን የሆንኩት። በአሥራ ስድስት ዓመቴ «ይህ ጠረጴዛ ነው። ጠረጴዛው ቡናማ ነው» እያልኩ ቀኑን እጨርሳለሁ። ቀልድ አለኝ፣ መልስ አለኝ፣ ስድብም አለኝ፣ ግን በጀርመንኛ ያለኝ ጠረጴዛ ብቻ ነው። ቤት ስመለስ እማዬ ሥራ ላይ ናት። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እስከ ማታ ሁለት ሰዓት በዚያ ቤት ውስጥ የሚናገረው ፍሪጁ ብቻ ነው።

ፌስቡክ ላይ የዲላ ልጆች የሚሰባሰቡበት ግሩፕ ያገኘሁት ያኔ ነው። እናንተም እንደኔ ወጥታችሁ የቀራችሁ ታውቁታላችሁ፤ መጀመሪያ ዝም ብሎ ማየት፣ ከዚያ ላይክ፣ ከዚያ አንድ ቀን ኮሜንት። የኔ የመጀመሪያ ኮሜንት አንድ የድሮ ፎቶ ሥር ነበር። ዝናብ የመታው የአፈር መንገድ፣ ሁለት ጋሪ፣ አንድ የቆርቆሮ ቤት። ወደ ገበያ የሚወስደው መንገድ እንደሆነ ጻፍኩ። ብዙም ሳይቆይ «እውነቱ ይነገር» በሚል ስም የሚጠራ፣ በፊቱ ፋንታ የጓጉንቸር ፎቶ የለጠፈ ሰው መለሰልኝ። «እህት፣ ይሄ የመናኸሪያው ታች መንገድ ነው። አንቺ ያኔ አልተወለድሽም፣ የማታውቂውን ተዪ።»

ተዪ? ዛፉ የቆመበትን፣ ጎርፉ የሚወርድበትን፣ ጋሪዎቹ የዞሩበትን አቅጣጫ አንድ በአንድ ዘርዝሬ ጻፍኩለት። እሱ «የጀርመን ድንች ዲላን ልታስተምረን መጣች» አለ። እኔ «ድንች ቢያንስ ፊቱን ያሳያል፣ አንተ ከጓጉንቸር ጀርባ ነው የምትጮኸው» አልኩ። ስድሳ ምናምን ሰው ላይክ አደረገልኝ። «ድገሚው» አሉኝ። የማላውቃቸው ሰዎች።

ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ መደበቅ አልችልም። ዲላ እያለሁ ድርሰት ጻፉ ስንባል መስመር እየቆጠርኩ የምጽፍ ልጅ ነበርኩ። አሁን ግን አንድ ዓረፍተ ነገር አውጥቼ አውርጄ፣ ጫፉን ሞርጄ እልክና ሲወጋ አያለሁ። አውቶቡስ ውስጥ መልስ አዘጋጃለሁ። መምህሯ ስለ ጠረጴዛው ስታወራ እኔ ስለ ጓጉንቸሩ አስባለሁ። እሱም የዋዛ አልነበረም፤ አንዳንዱ ስድቡ ብቻዬን ያስቀኝ ነበር። ሌሎች ሰዎች ገብተው ነገሩን ከፎቶ ወደ ሰፈር፣ ከሰፈር ወደ ዘር ሊያወርዱት ሲሞክሩ፣ ሁለታችንም ተባብረን አባረርናቸው። «ይሄ የኛ ጉዳይ ነው፣ ውጡ» አላቸው እሱ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሄድን። በየቀኑ ማለዳ ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማየው ያ ጓጉንቸር መልስ መጻፍ አለመጻፉን ነው።

አሁን ሰዎች ለምን ከማያውቁት ሰው ጋር እንደሚከራከሩ ስትጠይቁኝ፣ እኔ የራሴን ብቻ ነው የማውቀው። ከእትዬ ጋር ብጣላ ነገ የምትሰጠኝ ራት አለ። ከሰላም ጋር፣ ከአክስቴ ልጅ ጋር ማለቴ ነው፣ ብጣላ የት ጋ እንደሚያመኝ ታውቃለች፣ እኔም የሷን አውቃለሁ፤ ስለዚህ እንጠነቃቀቃለን። የማላውቀው ሰው ግን ራት የሚበላ፣ የሚታመም፣ ቤት ያለው አይመስለኝም ነበር። ጽሑፍ ብቻ ነው። እናት ያለውም አይመስለኝም ነበር።

አንድ ከሰዓት እውነቱ ይነገር እጅ ሰጠኝ ብዬ አሰብኩ። ስለ ፎቶው ሲጽፍ «እናቴ የምትሸጥበት ቦታ ከዚያ ቤት ፊት ለፊት ነበር፣ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚያ ነበር የምቀመጠው» አለ። ፍንጭ ተገኘ። ቶሎ ብዬ ለሰላም መልእክት ጻፍኩላት፣ መናኸሪያ ታች የምትሸጥ፣ ልጇ ውጭ ያለ ሴት ታውቂያለሽ ወይ? ሰላም ዲላ ውስጥ የማታውቀው ሰው የለም። በማግስቱ መለሰችልኝ። ልጁ ብርሃኑ ይባላል፣ ጆሃንስበርግ ሱቅ አለው፣ እናቱ አቮካዶና ሙዝ የሚሸጡት እማማ ብርቄ ናቸው። ነበሩ ማለቴ ነው፣ ብላ አረመች። ካረፉ አሥር ቀናቸው። እሷና እትዬም ቀብር ሄደው ነበር።

እማማ ብርቄን አውቃቸዋለሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ አንዱ አቮካዶ ላይ ሌላ የሚጨምሩልኝ ሴትዮ ናቸው። ማዘን ነበረብኝ። መጀመሪያ የመጣልኝ ግን ሌላ ነገር ነው፦ እናቱ ሞታ አሥር ቀን ሙሉ ስለ ጋሪ የሚቀልድ፣ «ድንች» እያለ የሚሳደብ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ትናንት ማታ እንኳ የጻፈልኝ አለ፤ «ስደት የሄድሽው ካርታ ጠፍቶሽ ነው እንዴ?» ብሎ። ተናደድኩ፣ ደስም አለኝ። በእጄ የያዝኩትን የመሰለ ድንጋይ የያዘ አንድም ሰው እንደሌለ አውቃለሁ። ጻፍኩት። ሁለቴ አነበብኩት፣ አንዲት ቃል ቀየርኩ፣ ላክሁት።

«እናትህን እንኳ መጥተህ ሳትቀብር ስለ ዲላ መንገድ እኔን ታስተምረኛለህ?»

ከዚያ ሻይ ላፈላ ሄድኩ። አዎ፣ ሻይ።

ስመለስ የላይኩን ቁጥር አላስታውስም፤ ከሥሩ ግን ከዲላ የሚጽፉ ሰዎች «አጥፊው» እያሉ ተከታትለው ነበር። «አጥፊው ልጅት፣ አልተነገረውም እኮ።» «እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ፣ መርዶ ገና ነው።» ሰላም ደግሞ ስድስት ጊዜ ደውላ ነበር። አጠፋሁት። ግን ከስሙ ጎን ያለችው አረንጓዴ ነጥብ በርታለች።

ልንገራችሁ፣ ይሄን የሚያህል ነገር እንዴት ረሳሁ? በኛ አገር የሞት ወሬ በስልክ አይነገርም፣ በጽሑፍማ ጭራሽ። ሰዎች ይሰበሰባሉ፣ ጎህ ሲቀድ ቤቱ ይሄዳሉ፣ ሲወድቅ የሚይዘው ሰው አጠገቡ ይቆማል፣ ከዚያ ነው የሚነገረው። ውጭ ላለ ሰው ደግሞ እዚያው አገር ያሉ ወዳጆቹ ይፈለጋሉ፣ ቀን ይቆረጣል፣ እስከዚያ ቤተሰብ «ደህና ናቸው» እያለ ይቆያል። ከእትዬ ጋር ስንቱን ሰው መርዶ ልንነግር በጠዋት ተነስተን ሄደናል። ግን እዚህ ክፍላችን ውስጥ የሚማረው የአፍጋኑ ልጅ አባቱ መሞቱን መምህሯ ሰኞ ጠዋት ነገረችን፤ ሐሙስ ፈተና እንዳለ በተናገረችበት ድምፅ። ማንም አልጮኸም። ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ እኔም እንደዚያ የሚነገር መስሎኝ ቀረ። ሰላምም ቢሆን አላስጠነቀቀችኝም። ለምን ብላ ታስጠነቅቀኛለች? ይሄን የማላውቅ ሰው ሆኛለሁ ብላ አላሰበችም።

እማዬ ማታ ስትመጣ ነገርኳት። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ እንደቆመች ሰማችኝ። «አንቺ ማን ሆነሽ ነው መርዶ ነጋሪ?» አለችኝ። ከዚያ ጫማዋን እያወለቀች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ እናቷ ሲሞቱ ቤይሩት ሳለች አራት ወር እንደደበቋት ነገረችኝ። ሰምቼው አላውቅም። ተናድደሽ አልነበር ወይ አልኳት።

«ተናድጄ ነበር» አለች። «ግን ያን አራት ወር እናት ነበረችኝ።»

ብርሃኑ በማግስቱ ደወለ። ጓጉንቸሩ ስክሪኔ ላይ ሲጠራ ላላነሳው ነበር። አነሳሁት። ስድብ ጠብቄ ነበር። ድምፁ እያረጀ ያለ ሰው ድምፅ ነው፣ ቀስ ያለ።

«እህቴ፣ የማን ልጅ ነሽ?»

«የተፈራ ገብሬ።»

«የሞተር ዕቃ የሚሸጠው ጋሽ ተፈራ?» አለ። «ደግ ሰው ነው። ካላስቸገርኩሽ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የቀበሯት ቀን ዝናብ ነበር?»

አላውቅም አልኩት። አጣርቼ እንደምነግረው ነገርኩት። ይቅርታ ልጠይቀው ስጀምር አቋረጠኝ። ከአሥር ቀን በላይ ቤት ሲደውል እናትህ ጸበል ሄዳለች፣ ኔትወርክ የለም፣ ስልኳ ተበላሽቷል እያሉት ነበር። ጠርጥሯል። ግን እውነቱን የሚያነብበት የሰው ፊት አያይም፤ ሱቁ ዘረፋ ፈርቶ በብረት ፍርግርግ የታጠረ፣ ከማለዳ እስከ ማታ በቀዳዳ እጅ ብቻ እያየ የሚሸጥበት ነው። «ካንቺ ጋር ስጣላ እናቴ የት ናት የሚለው ነገር ከጭንቅላቴ ይወጣል» አለኝ። «ለዚህ ነው መልስ ሳትሰጪኝ ስትቆዪ የምቆጣው።»

ከዚያ እንዲህ አለ፦ «አንቺ ብቻ ነሽ ያልዋሸሽኝ።»

ይሄን ሲለኝ ነው የሞትኩት። እውነት ልነግረው ፈልጌ አልነበረማ። ላሸንፈው ፈልጌ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ይደውላል። የሚጠይቀኝን ለሰላም አስተላልፋለሁ፣ ሰላም ሰፈር ዞራ መልሱን ታመጣለች። ለምን እንደምጠይቅም፣ ብርሃኑ ማንበቡንም አልነገርኳትም፤ ከፀፀት መስሏታል፣ እሱም አለበት። ዝናብ ነበር። አልጋዋን የተሸከሙት እነ እገሌ ናቸው። የመጨረሻ ቀን ምን በላች? ትንሽ ቡላ። ስሙን ጠርታ ነበር? ሰላም ይሄን ማንም አያውቅም አለችኝ። እኔ ግን ጠርተውሃል አልኩት። በዚያ ሁሉ መሃል የነገርኩት ብቸኛ ውሸት እሱ ነው።

ዓርብ ዕለት ጓደኞቹ እሁድ ሱቅ እንዳይከፍት እንደነገሩት ነገረኝ። ገብቶታል። ከሌላ ከተማ ሳይቀር ሽማግሌዎች ሊመጡ ነው። ለምን አውቄያለሁ አትላቸውም፣ ለምን እንደገና ትሰማዋለህ አልኩት።

«ሰዎቹ ሌሊቱን ሙሉ ነድተው ነው የሚመጡት፣ እንዴት አውቄያለሁ ብዬ እመልሳቸዋለሁ?» አለ። «ደግሞ ማን ነገረህ ቢሉኝ ምን ልበል? ፌስቡክ ላይ ስለ ጋሪ ስሳደብ ልበል?»

ሁለታችንም ሳቅን። እንዲያ ዓይነት ሳቅ ከዚያ በፊት ስቄ አላውቅም፣ ባልስቀውም ይሻለኝ ነበር።

እሁድ ገና ሳይነጋ ደወለ። በር ላይ መኪና ቆሟል አለኝ። «አትዝጊው፣ ዝም ብለሽ ስሚ። ብቻዬን እንዳልሰማው ነው» ብሎ ስልኩን መደርደሪያ ላይ፣ ዕቃ መሃል አስቀመጠው። እኔ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ድምፁን ከፍ አደረግሁት። ብረቱ ሲከፈት ሰማሁ። ብዙ ጫማ። አንድ ሽማግሌ ሰላምታ ሰጠ፣ ስለ መንገዱ አወራ፣ ስለ ሱቁ ጠየቀ፤ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚጀመረው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ብርሃኑ፣ እናትህ ደክመው ነበር» አለ። ቀጥሎ ያለውን ለመስማት ጊዜ አልነበረም። ብርሃኑ ጮኸ። ያወቀ ሰው ጩኸት አይደለም። እንደ አዲስ ነው የሰማው፣ ወይም ያን ሁሉ ቀን ጠብቆ ያስቀመጠው እሱ ነው። «ያዙት፣ ያዙት» ይላሉ። ዕቃ ወደቀ። እኔም ጮህኩ መሰለኝ። እማዬ ከክፍሏ ሮጣ መጣች፣ አልጋው ላይ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ሁለታችን ስልኩን ይዘን ለማናውቀው ሰው እናት አለቀስን። አልዘጋሁትም። መስመሩ በራሱ ነው የተቋረጠው።

ሰኞ ደረጃው ላይ ወረቀት ነበር። «የተከበራችሁ ነዋሪዎች፣ እሁድ ጠዋት ከአንድ ሰዓት በፊት ከሁለተኛ ፎቅ የብዙ ሰው ለቅሶ ተሰምቷል። የጸጥታ ሰዓት ይከበር።» እማዬ ወረቀቱን አንስታ አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ምን ብላ መልስ እንደምትጽፍ ጠየቅኋት። «ስለ ምን?» አለችኝ።

ብርሃኑ ከዚያ በኋላ አልደወለም። «ነገሩኝ» የሚል አንዲት ቃል ጻፈልኝ፣ ያም እንዳውቅለት ያህል ነው። ግሩፑን ለቆ ወጣ። ጓደኛው የእማማ ብርቄን ፎቶ ለጥፎ ስንት ሰው ነፍስ ይማር ብሎ ጻፈበት። ሦስተኛ ቀን ላይ እዚያው ሥር ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ፎቶው የት እንደተነሳ ሲጣሉ አየሁ። መልስ ጽፌ ነበር፣ አልላክሁትም።

እኔ ላይ የቀረው ግን ሌላ ነገር ነው። ትናንት ከሰዓት ወደ ቤት ደወልኩ። እትዬ «ሁላችንም ደህና ነን» አለችኝ። ይቺን ቃል ስንት ጊዜ ሰምቼ እፎይ ብዬ ዘግቻለሁ። ትናንት ግን አንድ በአንድ አቅርቢልኝ አልኳት። ሳቀች። ሰላም መጣች፣ አወራችኝ። መምህር አስፋው በአጥሩ በኩል ተጠርተው መጡ፣ እሳቸውም አወሩኝ። «ምነው ልጄ፣ ስም ትጠሪያለሽ እንዴ?» አሉኝ።

«አባባስ?»

«ገደብ ከተማ ሄዷል» አለች እትዬ። «ዕቃ ሊያደርስ።»

«ስልኩ አይሠራም።»

«ኔትወርክ የለም እዛ።»

በምን ሄደ አልኳት። መልስ ከመስጠቷ በፊት ትንሽ ቆየች። መስመሩ ሊሆን ይችላል፤ ከዲላ ካስል ድምፅ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። በአውቶቡስ ነው አለች።

«እሺ፣ እጠብቃለሁ።»

«ምን ትጠብቂያለሽ? ማታ ነው የሚመጣው። ስትፈልጊ ነገ ደውይ።»

«አይ እትዬ። አትዝጊው። ስልኩን እዚያው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪልኝና ሥራሽን ሥሪ።»

አልተከራከረችኝም። ብትከራከረኝ ደስ ይለኝ ነበር። ስልኩን ሳሕን አጠገብ ስታስቀምጠው ሰማሁ፣ እግሯ ሲርቅ፣ ባጃጅ ሲያልፍ፣ አንድ ሰው ከሩቅ «እነዘነቡ ቤት» ብሎ ሲጣራ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ጀመረ። ድምፁን ከፍ አደረግሁትና በሩ በተከፈተ ቁጥር የማን እርምጃ እንደሆነ ለመለየት ጆሮዬን ስልኩ ላይ ለጥፌ ተቀመጥኩ።